ሚሊሻው አባቴና ባለ ባጃጁ

አባቴ ዲላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የቀበሌ ሚሊሻ። ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ሰሞን ቤታችን ፍርድ ቤት ሆኖ ነበር። እራት ቀርቦ ሥልጣኑን ያስረዳናል፦ እጅ ከፍንጅ ያገኘውን ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል፤ ማሰር፣ መቅጣት፣ መፍረድ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። እናቴ እስቲ መጀመሪያ ጓሮ የሚገባውን የጎረቤት በግ ያዝልኝ ትለዋለች። እሱ እቴ! በግ ሥልጠናው ላይ አልተነሳም ይላል።

ያኔ አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ሊያገባኝ ፈልጎ፣ እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ቆርጦ ነበር። እናቴ ታውቃለች። ለአባቴ ግን ትንፍሽ አላልንም፤ ስለ ባጃጅ ነጂዎች የሚያስበውን እናውቀዋለንና።

ዓርብ ከሰዓት እኔ በአባቴ ሱቅ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ ከደጃፋችን ካለው የባጃጅ ተራ ጠብ ተነሳ። አንዱ ባጃጅ ያለ ተራው ሰው ጫነ፤ የእኔው ጉድ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረለትም፣ ወርዶ ኮሌታውን ጨመደደው። ያውም አባቴ ፊት! ተራ የሰረቀው አስነስቶ ጠፋ፤ ኮሌታ የያዘው ተያዘ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተከተለ፣ እኔም መርፌዬን ጥዬ በሩቅ ተከተልኩ።

አባቴ መኪና የለው፣ ካቴና የለው፤ ጉዞው በእግር ነው። ዲላ ደግሞ ሰላም ሳይባባሉ የሚተላለፉባት ከተማ አይደለችም። አባቴ ቆሞ የሰዉን ደኅንነት ሲጠይቅ እስረኛውም አብሮ ቆሞ ይጠይቃል፤ እንዲያውም የአንዲት እናት ዘንቢል ተሸክሞ አስፋልቱን አሻገራቸው። ያገኛቸው ሁሉ ለእኛ ስትል ተወው እያለ ለመነ። አባቴ ፍንክች አላለም። የመያዝ እንጂ የመልቀቅ ሥልጣን የለኝም ይላል። ሕግ ያስተማሩትን ሰዎች በሆዴ ረገምኳቸው።

ጣቢያ ሲደርሱ ፖሊሱ ዋስ ካልመጣ ልጁ እስከ ሰኞ እዚሁ እንደሚቆይ ተናገረ። ቤተሰቦቹ ያሉት ከዲላ ራቅ ብሎ ወርቃ ነው። ጓደኞቹ ደግሞ መንጃ ፈቃድ እንዳንጠየቅ ብለው ብን ብለዋል። እንግዲህ እሁድ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተቀምጠው ልጃችን ጨዋ ነው ሲሉ፣ ጨዋው እስር ቤት ሊሆን ነው! አባቴ ደግሞ አንዴ እምቢ ካለ አለ ነው። እኔም እስከ ጣቢያው በር ድረስ ተጠጋሁ።

አባቴ አስረክቦ ሊወጣ ሲዞር አየኝ። አንዴ እኔን አንዴ ልጁን አየና ተመልሶ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዋስ እኔ እሆነዋለሁ አለ። ፖሊሱ ሳቁ አመለጠው፤ ራሱ ይዞ ላመጣው ሰው ራሱ ዋስ የሚሆን ሚሊሻ አይቶ አያውቅም።

"ለመሆኑ ምንዎ ነው?" አለው።

"አማቼ ነው" አለ አባቴ። "ሽማግሌዎቹ ገና እሁድ ነው የሚመጡት።"