በሩን ዝጋው

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው ሻሹን ነው። ከአዳራሹ ደጃፍ በቆመችው የማዘጋጃ ቤት መኪና ጣሪያ ላይ፣ በድምፅ ማጉያው አፍ ውስጥ የሟች እህቷ ሰማያዊ ሻሽ ተጠቅጥቋል። እየጮኸ ሳለ አፉን የታፈነ ሰው ይመስላል። ከሹፌሩ፣ ከእህቷ ባል በቀር ይህን የሚያደርግ የለም።

ሰውየውን ከተማው «ጥሩምባ» ይለዋል። እሱ እንኳ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ዝምተኛ ነው፤ ሥራው ግን ስብሰባ ሲኖር በየመንገዱ እየዞረ ነዋሪውን መጥራት ነው። ጥሪውን የቀዳችለት ሚስቱ ነበረች። «ውድ ነዋሪዎች፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለና እንዳትቀሩ» ትላለች። ከዚያ መቅጃውን ማጥፋት ረስታ፣ በቤት ድምፅዋ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ትለዋለች። በሕይወት ሳለች ሰው ይስቅ ነበር። ከሞተች ወዲህ ግን ሳቁ ቀረና፣ መኪናዋ ስታልፍ በየቤቱ በር ሲዘጋ ይሰማ ጀመር።

የዛሬው አጀንዳ ይኸው ነው፤ ድምፁ ይጥፋ ወይስ ይቆይ? እንዲጠፋ ያመለከተችው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት። እህቷ በመስኮቷ ሥር እየተጣራች ባለፈች ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል። በዚህ የተነሳ ከጥሩምባ ጋር እስከ ወዲያኛው እንደሚቆራረጡም ታውቀዋለች። ለእሱ ከሚስቱ የተረፈው ያ ድምፅ ብቻ ነዋ!

«ምራቴ እኮ ‹እሺ እትዬ› ብላ ትመልስላታለች!» አሉ አንዲት አሮጊት። «እስከ መቼ ነው ከሙት ጋር የምናወራው?»

«ኧረ ይተዉ እማማ!» አለ ሥጋ ሻጩ። «ከንቲባው ሲጠራን የማንመጣውን፣ እሷ ስትጠራን አይደል አዳራሹ የሚሞላው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከንቲባውም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ሰብሳቢው ግን ወደ ኋላ ወንበር ተመለከቱ።

«ባልየውስ ምን ይላል?»

ጥሩምባ ባርኔጣውን ጨብጦ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ አቀርቅራ ስድቧን ጠበቀች።

«ይጥፋ» አለ።

ቀና አለች። «ጋሼ! አንተ ነህ እንዲህ የምትለው?»

«ምን ላድርግ እህት ዓለም? ባለፈው ዙር ቃሏን ለወጠች። ‹በሩን ክፈተው፣ በረደኝ› ነው ያለችኝ።»

ሰብሳቢው ቅጂውን ይዞ የተቀመጠውን የማዘጋጃ ቤቱን ቴክኒሻን ጠቀሱት፤ ድምፁ በአዳራሹ ማጉያ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ጥሪው እንደ ወትሮው ነበር። በመጨረሻም፣ «በሩን ዝጋው…»

«ያው ናት!» አለ ሥጋ ሻጩ፣ እፎይ ብሎ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ ግን የመጨረሻዋን ቃል ሰምታለች። «ብርድ ገባ» አልነበረም። «በረደኝ» ነው ያለችው። ልትናገር አፏን ስትከፍት ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ።

«እንዲጠፋ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አሉ ሰብሳቢው።

እጆች ደን ሆኑ። የእሷ እጅ ግን ከጭኗ ላይ አልነሳ አላት። እህቷ እየበረዳት እንዴት አፏን ትዝጋባት? ቴክኒሻኑ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ በቃ።

ወዲያው ጥሩምባ ወንበር እየገፋ ወደ መውጫው ሲያመራ ተከትላው ወጣች።

«ጋሼ፣ ጠፋ እኮ! ወዴት ነው እንዲህ የምትጣደፈው?»

«እንግዲህ መጥራት አትችልም፤» አለ ዞር ሳይል። «ቤቱን ደግሞ ቆልፌው ነው የመጣሁት።»

መኪናዋን እዚያው ትቶ፣ ቁልፉን ከወዲሁ ከኪሱ አውጥቶ፣ መንገዱን ይዞ በሩጫ ቀረሽ እርምጃ ሄደ።