አጎቴ ታናሼ የሆነበት ክስ

አጎቴ መሬቴን ቀማኝ። አያቴ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ የተዝካሩ ጠላ ገና ሳያልቅ፣ «አባትህ አባቱን ቀድሞ ሞቷል። ሙት አይወርስም፤ አንተም በሙት በኩል አትመጣብኝም» አለኝ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለችውን ሁለት ጥማድ ከአያቴ ጋር ያረስኋት እኔ ነኝ። ጎጆዬም እዚያችው ላይ ናት። እሱ ሐይቅ ከተማ ተቀምጦ ጨው ይሸጥ ነበር።

አያቴ አልተናዘዘም። ቄሱ ሲጨቀጭቁት «ሞት ቤቴ ጠፍቶበት ነው የቆየው፤ እኔው ልጠቁመው?» ይል ነበር። በኋላ ግን ሳይጠቁመውም አገኘው፣ ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት። ያኔ ሁሉም ሰው መብቱን ይጠይቅ ነበር፤ እኔም ጠየቅሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት። ስለዚህ ሕጉን ለራሴ አነበብሁት፣ በጣቴ እየተከተልሁ። ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ልጆቹ ይወርሱታል። ቀድሞት የሞተ ልጅ ካለ የዚያ ልጅ ልጆች በአባታቸው ቦታ ገብተው ድርሻውን ይወስዳሉ። ፍርድ ቤት ሄጄ ለዳኛዋም አነበብሁላቸው። «እናውቀዋለን» አሉኝ። የዘመድ ነገር ነውና መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው ብለው መለሱን።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ፣ የአጥቢያችን ቄስና የመንደራችን ሼህ። በእኛ አገር አንዱ ያለ ሌላው አያስታርቅም። ሼሁ ነገሩን ሰምተው፣ «በእኛ ሸሪዓ ቢሆን፣ ወንድ ልጅ በሕይወት እያለ የልጅ ልጅ አይወርስም ነበር» አሉ።

አጎቴ ብድግ አለ። «እንግዲያው እሰልማለሁ!»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ። ሼሁን ግን ሳቅ አላስቀምጥ አላቸው። «ያ አላህ! አንተ ብትሰልም ምን ሊረባህ? መስለም የነበረባቸው ሟቹ ናቸው። እሳቸው ደግሞ አመለጡን።»

ሳቁ ሲበርድ ፈረዱ፤ ልጁ በአባቱ ቦታ ይግባ፣ መሬቱ እኩል ይካፈል። አጎቴ ራሱን ያዘ። «አባቱ ታላቄ ነበር። ታዲያ ይሄን፣ ንፍጡን የጠረግሁለትን፣ አያ ልበለው? ሲመጣም ልነሳለት?»

ማፌዙ ነበር። በእኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን በስሙ አይጠራም፤ አያ ይለዋል፣ አንቱ ይለዋል፣ ሲገባም ይነሳለታል። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ በማግስቱ መሬቴን እረከብ ነበር። ዝም አላልሁም።

«አዎ፣ ይበለኝ» አልሁ።

«ልጄ፣ መሬትህን ያዝና ሂድ» አሉኝ ቄሱ።

«አያ ሳይለኝ አልፈርምም።»

«መሬቱን ይውሰድ» አለ አጎቴ። «ያችን ቃል ግን ከአፌ አላወጣትም!»

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። መሬቱ ጦም አደረ። ማሳዬ ፊት ለፊት ተቀምጬ እህል ከገበያ ሸመትሁ። ሚስቴ «ለምሳ ምን ልሥራ፣ አያ ልቀቅልልህ?» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 አጋማሽ መድፉ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ነቀለ። ሚስቴና ልጆቼ በመኪና ቀደሙ፣ እኔ በእግር ተከተልሁ። አጎቴን መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። እግሩ ወለም ብሎት ቁርጭምጭሚቱ ዱባ አክሏል።

«ምን ታያለህ?» አለኝ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ሂድ።»

መድፉ ደገመ። አጎቴ ወደ ኋላ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ጢሙን አሻሸ።

«አያ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ታናሽዎን ይሸከሙ።»

«አልሰማሁም።»

«አያ! ደንቁረዋል እንዴ?»

ተሸከምሁት። ከሲታ ስለሆነ ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ እንደሚሸጠው ጨው ይከብዳል። ዳገት በመጣ ቁጥር «ይድገሙት» እለዋለሁ። እሱም «አያ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ወገቤን ሰበሩኝ» ይለኛል። ዕቃዋን ያዘለች አንዲት ሴት ይህን ሰምታ፣ «ምነው፣ አባትህ ጃጁ?» አለችኝ።

«ታናሼ ነው» አልኋት። አማተበች።

ደሴም አልተረፈችምና ከሚስቴና ከልጆቼ ጋር በመኪና ቀጠልን፤ የተጠለልነው ደብረ ብርሃን፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ነው አጎቴ የቃሏን ጥቅም የደረሰበት። «አያ፣ ውኃ ይቅዱልኝ። አያ፣ ሰልፉን ይያዙልኝ። ታላቅ አይደሉ? ታላቅ ታናሹን ይጦራል!» እግሩ ከዳነ በኋላም አያ አላለቀም። የክፍሉ ተፈናቃይ በሙሉ ታናሹን የማይጦር ጨካኝ ብሎ ይገላምጠኝ ጀመር።

«አጎቴ፣ እባክዎ በስሜ ይጥሩኝ» አልሁት።

«ሽማግሌ የፈረደውን? መሬቱን እስክንፈራረም ታላቄ ነዎት።»

ቀያችን ሰላም ሆኖ ስንመለስ ሽማግሌዎቹን የሰበሰብሁ እኔ ነኝ። «አያ መባሉ ይቅርብኝ፣ ድርሻዬን ስጡኝ» አልሁ። ሼሁ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቄሱ «ያኔውኑ ብዬህ ነበር» አሉኝ፤ ይህቺን አልረሳላቸውም። አጎቴ ሳያንገራግር ፈረመ፣ እኔም ፈረምሁ፣ አንዷን ጥማድ ተረከብሁ። ውሉ ላይ የተጻፈው ቀን ግንቦት 9፣ 2014 ዓ.ም. ነው።