የዘበኛው ኪስ

የፍርድ ቤቱ ዘበኛ መታወቂያ ሲቀበሉ ቀልጣፋ፣ ሲመልሱ ግን ዓይናቸው የሚደክም ሽማግሌ ናቸው። የድሮ የወታደር ካፖርታቸውን በነገሌ ሙቀት እንኳ አያወልቁም። ጠዋት ሁሉንም መታወቂያ ካርቶን ውስጥ ሲጥሉ፣ የባሏን ብቻ ካፖርታቸው ኪስ ሲከቱ መቅደላዊት አይታለች።

ዳኛው ፍቺው እስኪወሰን ባሏ ቤቱን እንዲለቅ፣ አጠገቧም እንዳይደርስ አዘዙ። ቀድማ ስትወጣ ሽማግሌው መታወቂያዋን ወዲያው አስጨበጧት።

"ነጋቲ፣ ደህና ሁኚ ልጄ። ፍጠኚ። እህቴን ባሏ የገደላት ከሽምግልና ስትመለስ፣ መንገድ ላይ ነው።"

ባሏ እየተንጨረጨረ ደረሰ።

"ቶሎ በሉ እንጂ!"

"እርጅና ነው፣ ጌታው።"

የተሳፈረችበት ባጃጅ ሊታጠፍ ሲል መቅደላዊት ዞር አለች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርቶኑን ገና ያገላብጣሉ።