ሱቅ የሚተኛ፣ ቤት የሚነቃ ላፕቶፕ

የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህሬ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሐረር ፈረስ መጋላ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ሲገቡ ጠረጴዛዬ ላይ አራት ኮምፒውተር ተከፍቶ ነበር። እሳቸውን ግን ወረፋ ይጠብቁ ማለት አልችልም። ከጎጃም ለአንድ ዓመት ተመድበው መጥተው፣ የሐረር ልጅ አግብተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የደብራቸውን ታሪክ ይጽፋሉ። ላፕቶፑን የገዛችላቸው ድሬዳዋ የምትሠራው ልጃቸው ናት።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር አልተኛም አለ፤ እስቲ እዪልኝ" አሉኝ።

ጠዋት ጥቂት ይጽፉና ክዳኑን ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሲመለሱ እጅ እስኪያቃጥል ግሎ፣ ማራገቢያው እየጮኸ ያገኙታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ባትሪው ያልቅና ጨርሶ ይጠፋል፤ ሴቭ ያላደረጉት ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። አንድ ሌላ ጠጋኝ ባትሪው ስለሞተ ነው ብሏቸው ነበር።

እኔ ሥራዬን አውቃለሁ። ባትሪውን መረመርኩት፤ ደህና ነው። ቀጥዬ ሴቲንጉን ስከፍት ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ምንም እንዳያደርግ ታዞ አገኘሁት። ማን እንደነካው እንጃ፣ ብቻ ትእዛዙን ቀይሬ ክዳኑን ዘጋሁት። ትንሿ መብራት ቀስ እያለች ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ተኝቷል ማለት ነው። ጋሼ ከፊቴ ተቀምጠው ስለደብሩ የመጀመሪያ አለቃ ሲያጫውቱኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አልነቃም። በቃ አልቋል፣ ይውሰዱት አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም። ተማሪ ፈተና ሲወድቅም አይቆጡም ነበር፤ ወረቀቱን ብቻ ነበር መልሰው የሚሰጡት። ላፕቶፑንም እንደዚያው አድርገው ፊቴ አኖሩት።

"እዚህ ይተኛል፤ እኛ ቤት ሲደርስ ግን ይነቃል" አሉ።

ሳቅሁ። ዕቃ ቤት መርጦ አይበላሽም ብዬ አሰብኩ። የቆዩትን ፕሮግራሞች አደስኩ፣ በራሱ ሰዓት እየተነሣ ኢንተርኔት የሚፈልገውን ሁሉ አጠፋሁ። ለአንድ ቀን እኔ ዘንድ አሳድሬውም አየሁ፤ አንዴም ዓይኑን አልገለጠም። በሙሉ ልብ መልሼ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ደወሉልኝና ዛሬም እንደነቃ፣ ሴቭ ያላደረጉት ሁለት ገጽ እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት። ያፈርኩት ስላልተሳካልኝ ብቻ አይደለም፤ ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ ማየት ያለበትን ነገር ሳላይ መቅረቴን ስላወቅሁ ነው። ኮምፒውተር መቼ እንደነቃና ምን እንደቀሰቀሰው ይመዘግባል። እኔ ግን መልሱን የማውቅ ስለመሰለኝ መዝገቡን አልጠየቅሁትም ነበር።

ላፕቶፑን አስመጥቼ መዝገቡን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር ተጽፏል። ከእሑድ በቀር ቤት በዋለበት ቀን ሁሉ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ነገር ቀስቅሶታል። እኔ ጋ ሲመጣ ግን ምንም የተሰካበት ነገር የለም።

"ጋሼ፣ ቤት ምን ይሰኩበታል?"

"ማውስ ብቻ። የሚሰካው ነገር የጥፍር ያህል ስለሆነ እንዳይጠፋብኝ ስመጣ ነቅዬ እዚያው እተወዋለሁ።"

ነገሩ ተገለጠልኝ። ገመድ አልባ ማውስ ሲነካ የተኛውን ኮምፒውተር ይቀሰቅሳል። ክዳኑ ቀድሞ ስለተዘጋ ደግሞ መልሶ ተኛ የሚለው የለም። የቀረው ጥያቄ ማውሱን ማን ነካው የሚለው ነው። ጋሼ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እሑድ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ በሌላው ቀን ቤት የሚቀሩት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዓምና ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። ጋሼ ትንሽ አሰቡና የቤታቸውን ድመት ጠረጠሩ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ማውሱን ራሱን እንዳይ ተስማማንና ላፕቶፑን ይዘው ሄዱ። እሳቸው ከቅዳሴ እስኪመለሱ ባለቤታቸው ይከፍቱልኛል።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ከአሮጌው የከተማ ግንብ በፈላና በር በኩል ወጣሁ። በሩ ስር አትክልት የዘረጉ ሴቶች መንገዱን አጥብበውት ስለነበር ከአንድ ባጃጅ ጋር እየተጋፋሁ አለፍኩ። ቤታቸው ከበሩ ብዙ አይርቅም። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበርና "ቤቶች" እያልኩ ዘለቅሁ። አልተሰማሁም መሰለኝ፣ መልስ ሳላገኝ ከሳሎኑ ደጃፍ ደረስኩ።

የጋሼ ባለቤት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። ላፕቶፑ ተዘግቶ ከፊታቸው አለ። ቀኝ እጃቸው ማውሱ ላይ ነው። የጠረጴዛው ልብስ ላይ ቀስ አድርገው ይገፉታል፣ ወደ ግራ ያዞሩታል፣ ይመልሱታል። ሲደክማቸው በግራ እጃቸው አንጓቸውን ያሻሹና እንደገና ይጀምራሉ።

"እትዬ፣ እንደምን አደሩ?"

ደነገጡ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁት።

"አበላሸሁት እንዴ? እኔ ነኝ አይደል ያበላሸሁት?"

ምንም እንዳላበላሹ ነገርኳቸውና ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ራሳቸው አወሩኝ። ሆስፒታል እጃቸውን እንዲያሠሩበት ለስላሳ ኳስ ሰጥተዋቸው ነበር። ጋሼ በየቀኑ ከፊታቸው ይቀመጡና ስንት ጊዜ እንደጨበጡ ይቆጥራሉ፤ አይዞሽ፣ አንድ ጊዜ ድገሚ ይላሉ። ኳሷ ከእጃቸው ስታመልጥ ጎንበስ ብለው የሚያነሡትም እሳቸው ናቸው።

"ኳሷ በወደቀች ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል" አሉኝ። "ኳሷን ትቼ እሱን አያለሁ፣ እሱን ሳይ ደግሞ እጄ ይብስበታል። ይኼ ግን አይወድቅም። ለመዳፌም ልክ ነው።"

ሁለት ወር እንደሆናቸው ነገሩኝ። መጀመሪያ ማንቀሳቀስ አልቻሉም ነበር፤ አሁን ግን ጣታቸው መጫን ጀምሯል። ብዕር እስኪይዙ ድረስ ማንም እንዲያይባቸው አይፈልጉም።

"እንዳትነግሪው" አሉኝ።

ጋሼን ዋሽቻቸው አላውቅም፤ በልጅነቴም ቢሆን ውሸት የሚነገራቸው ሰው አልነበሩም። ግን የጠየቁኝ ላፕቶፑ ለምን እንደማይተኛ እንጂ ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚሠሩ አልነበረም። ያንን መንገር የእትዬ ፋንታ ነው። እሺ አልኳቸው።

ሥራው አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ላፕቶፑን ከፍቼ የማውሱን ሴቲንግ አወጣሁና ኮምፒውተሩን የመቀስቀስ ፈቃዱን ነሣሁት። ከዚያ ክዳኑን ዘግቼ መብራቷ ብልጭ ማለት እስክትጀምር ጠበቅሁ።

"አሁን እርስዎ ይሞክሩት" አልኳቸው።

እጃቸውን ከነጠላው ውስጥ ለማውጣት አመነቱ። በኋላ አወጡት። ማውሱን አንዴ ገፉት፣ ሁለቴ አዞሩት፣ ጣታቸውን አንሥተው ተጫኑት። መብራቷ እንደነበረች ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ተኝቷል?"

"ተኝቷል። ከዚህ በኋላ የፈለጉትን ያህል ይሥሩበት፤ አይሰማም።"

ጋሼ ሲገቡ ሁለታችንም ስለ ከተማው ውኃ መጥፋት እያወራን ነበር። ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ማውሱ ይቀሰቅሰው እንደነበረ፣ አሁን ግን እንደከለከልኩት ነገርኳቸው። እሳቸውም ዞር ብለው ድመቷን አዩና ወቀሷት። እኔ ገመዴን መጠቅለል ቀጠልኩ። እትዬ ግን አላስቻላቸውም፤ ድመቷ ምን አደረገችህ ብለው ተከራከሩላት።

ላፕቶፑ ከዚያ ወዲህ አስቸግሮ አያውቅም። ከሦስት ወር ግድም በኋላ ጋሼ ሱቄ መጡ። በዚህኛው ጊዜ ላፕቶፕ አልያዙም፤ የያዙት ፍላሻቸውንና ለእርማት ያተሙትን የደብሩን ታሪክ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ በሰማያዊ ብዕር የተጻፈ መስመር አሳዩኝ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ እየወጡና እየወረዱ ነው የሄዱት። "አንብቤዋለሁ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ዓመት ልክ አይደለም" ይላል።

የማን ጽሕፈት እንደሆነ አልጠየቅሁም። እሳቸው ግን ሁሉንም ነገሩኝ። ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አግኝተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አድርገው፣ ቆመው ደጋግመው አነበቡት። እትዬም የማውሱን ነገር ያኔ ነው የነገሯቸው።

"አንቺ ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር።"

ወረቀቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ።

"እኔ ስቆጥርባት ነበር" አሉ በመጨረሻ። "አስተማሪ ስለሆንኩ ሁሉም ነገር በመቁጠር የሚሻል ይመስለኛል።"

ከዚያ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ጽሑፉን ከፍላሻቸው አውጥቼ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ከፈትኩ። እትዬ ልክ ነበሩ፤ ጋሼ የጻፉት ዓመት በዚያው ገጽ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ቁጥሩን እሳቸው እየነገሩኝ አስተካከልኩና ማተሚያውን አበራሁት።