የአያቴ የቆላ ሚስት

ሽማግሌዎቹ ከሀዋታ እኛ ወዳለንበት ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ድረስ መጥተው የልጅ ልጄን ለልጃቸው ሲጠይቁ፣ እንደ ወጉ ሰባት ቤት ቆጠርሁላቸው። እነሱም ቆጠሩ። የትም ላይ አልተገናኘንም። «ንጹሕ ነው፣ ሰጥቻለሁ» አልሁ። ልጆቹም ቀለበት አሰሩ።

የቆጠርሁት ግን በአባት በአባት ብቻ ነበር። አያቴ ላይ ስደርስ አንድ የማላውቀው ነገር ነበረና ዘለልሁት። አባቴ እንደነገረኝ፣ አያቴ የአባቴን እናት ከማግባቱ በፊት ቆላ ወርዶ ሌላ ሚስት ነበረችው። ማን እንደሆነች አባቴም አያውቅ። ዘሬን አላውቅም ብሎ በሽማግሌ ፊት መቀመጥ አሳፈረኝ።

የያዙኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። «የሴቶቹንስ ቆጥረሃል?» አሉኝ። አዎ ልል ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ።

ቤት ገብቼ ከአባቴ የወረስሁትን ዳዊት አወጣሁ። በመጨረሻው ቅጠል ላይ የቤተሰቡ ልደትና ክርስትና ተጽፎበታል። እኔ ፊደል የለየሁት ጎልምሼ ነው፤ የእጅ ጽሕፈት ሲሆን ደግሞ እሾህ ውስጥ በባዶ እግር እንደ መሄድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ከአያቴ ስም ጎን የአንዲት ሴት የክርስትና ስም አለ፤ ከሥሩ «የቆላ» ይላል። በቃ። አባቷ አልተጻፈ፣ አገሯ አልተጻፈ። በዚያ ስም የተጠመቁ ሴቶች ደግሞ ከሰሊጥ ፍሬ ይበዛሉ።

እዚያ ላይ ብተወው ማን ይጠይቀኝ ነበር? ግን ግትር ነኝ። የልጁ ሴት አያት ትውልዷ ከመተማ ቆላ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ሽማግሌ ሲላክ ሴት አይጠየቅምና እሷን ማንም አላስቆጠራትም። በጭነት ሎሪ ሀዋታ ወረድሁ።

ደጇ ላይ ባሚያ ስትከትፍ አገኘኋት።

«ምን ፍለጋ መጣህ አማቼ?»

«ሚስት ፍለጋ።»

«በዚህ ጥርስህ?»

«ለእኔ አይደለም፤ ለአያቴ ነው።»

«ለእሱስ ዘገየህ!» ብላ ሳቀች።

የክርስትና ስሙን ስነግራት ሳቋ ቆመ። «የእናቴ እናት ናት። ለሙታን ጸሎት ስሟን የምሰጠው እኔ ነኝ።» ባሏ ማን ነበር ብላት የአያቴን ስም ከነአባቱ ከነደብሩ ጠራችልኝ። ልጃቸው ገና በሆድ ሳለች ደጋ ወጣ፣ እንደወጣም ቀረ አለችኝ።

ባሚያውን ትታ ተነሥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። «እሰይ! ለካ ወንድሜ ነህ!» ወዲያው ግን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። እናቷ፣ እሷ፣ ልጇ፣ የልጅ ልጇ። በእኔም በኩል አባቴ፣ እኔ፣ ልጄ፣ የልጅ ልጄ። አራት ላይ ጣቷ ቆመ።

«ምነው እግርህን በሰበረው» አለችኝ። ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተም አልመጣህ፣ እኔም አልነገርሁህ። ልጆቹ ተዋደዋል እኮ።»

«እግዜር ሰምቶናል» አልኋት።

«እግዜርማ ድሮም ያውቀው ነበር። አዲስ የሰማኸው አንተ ነህ።»

ገዳሪፍ ተመልሼ ግን ለልጅቱ ነገርኋት። ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ሰማችኝ።

«ኸላስ፣ ጅዲ» አለች። በቃ አያቴ ማለቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች ሲከፋት ዐረብኛው ይቀድማታል። «ቃል ከመስጠትህ በፊት ብትጠይቅ ምን ነበር? ያኔ ፊቱንም አላውቀውም ነበር።»

የያዘችውን ልብስ ጨመቀችው።

«ያቺን ሴት ስንት ዘመን ማንም አላነሳት። አንተም ያነሳሃት እኔን ለመጣል ነው።»

እውነቷን ነው። ሠርግ ባይመጣ ያን ቅጠል አልገልጠውም ነበር። ሠርጉን አስቀረሁ፤ ዛሬም ብጠየቅ አራት ቤት አላጋባም። ግን ያን ቀን «የማላውቃት አንዲት ሴት አለች፣ ጥቂት ቆዩኝ» ብል ሽማግሌዎቹ አይስቁብኝም ነበር፤ ቢስቁስ ምን ነበረበት?

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሴትዮዋን ስም ለጸሎት ሰጠሁ። «ምንህ ናት?» አሉኝ ቄሱ። «የአያቴ ሚስት» አልሁ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። የልጅ ልጄ ከሴቶቹ ወገን ቆማ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው እንጂ ወደ እኔ አላየችም።