የአባባ ቀይ ሞተር

ዛሬ በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የሸተተኝ ቤንዚን ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

አባባ ፔዳል ያላትን አሮጌ ሞተር ግቢያችን ውስጥ ፈታትቶ እንደገና ገጠማት። ከቀበሌ መፈክር በተረፈ ቀይ ቀለም ቀባትና «የአዋሳ ልጅ ሁሉ ይቀናብሻል» እያለ ከአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ የኋላ መቀመጫ ሠራልኝ። እንዳለቀችም ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጣባት።

«ይቺ ቀይ አንበጣ የማን ናት? ሰውዬው አባትሽ ናቸው እንዴ?» አለችኝ ጓደኛዬ እየሳቀች።

«አይደሉም፤ ጎረቤታችን ናቸው» አልኳት።

አባባ ሰምቷል። ቀረብ ብሎ፣ «ነይ እንሂድ፣ አባትሽ ልኮኝ ነው» አለኝ።

ተቀምጬ ወገቡን ልይዝ ስል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የመቀመጫውን ብረት ያዢ፤ ጓደኞችሽ ያዩሻል» አለኝ። ያኔ የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ሁሉ ለአባባ አነብለታለሁ። ይህን ግን እንዴት ብዬ ላንብብለት?