በስልክ ደህና የሆነች ሴት

አክስቴ ገነቴ ሞርሲቶ ገበያ ላይ ቅቤ ትነግዳለች። ቅቤው ገና ከእንሰት ቅጠሉ ሲገለጥ አይታ ሙዝ የተቀላቀለበትን ትለያለች፤ ያመጣውንም ሰው ሳታሳፍር አትሸኝም። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው በስልክ ያከሟት!

የዓይን ግፊት አለባት። ኮሮና ሲገባ የምትታከምበት የሆሳዕናው ሐኪም ቤት «አትምጡ፣ እኛው እየደወልን እንከታተላለን» አለ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከሆሳዕና እሷ ዘንድ የመጣሁ ሰሞን ከሐኪም ቤቱ አንዱ ደወለ። አክስቴ ስልክ የምታወራው ድምፁን ለቃ ነው።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ጌታ ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ!» ብላ ጮኸች።

«ምንም ችግር የለም?»

«ጌታ እያለ ምን ችግር አለ ልጄ?»

«በጣም ጥሩ። ቀጠሮዎን አራዝመነዋል፤ መልሰን እንደውላለን።»

መረቀችው። በሚቀጥለውም ጥሪ ይኸው ሆነ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን «እንዴት ነሽ?» ስትባል «አሞኛል» የምትል እናት የለችም፤ ምስጋና ይቀድማል። እዚህ አገር እየሠራ ይህን የማያውቅ የጤና ባለሙያ ካለ ከየት እንዳመጡት ይነገረኝ!

አንድ ቀን ባፈና የሚባል ደንበኛዋ የሸጠችለትን ቅቤ ይዞ ተመለሰ። ግማሹ ሙዝ ነበር። አክስቴ ቅቤውን ወደ ግራ ዓይኗ አስጠግታ አየችና አንገቷን ደፋች።

«ቀኙስ?» አልኳት።

«ከጠፋ ቆየ።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለሐኪሙ ለምን አልነገርሽውም?»

«እንዴት ነዎት አለኝ እንጂ ዓይንዎ እንዴት ነው መች አለኝ?»

ምን ይባላል! የዓይን በሽተኛን ስለ ዓይኗ መጠየቅ ምኑ ይከብዳል? ብደውል ስልኩ አይነሳም። ሆሳዕና ድረስ ብሄድ ዘበኛው «ቀጠሮ በስልክ ነው» ብሎ ከበር መለሰኝ። ለቀረው ዓይኗ እየፈራሁ፣ ጥርሴን እየነከስኩ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ስልኳ ሲጮህ ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ።

«ተዪ፣ የሚጠይቀው እኔን ነው» አለች።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ጌታ ይመስገን» አለች። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ደህና አይደለሁም ልጄ። አንዱ ዓይኔ ጠፍቷል፤ ሌላውም እየደከመ ነው።»

ልጁ «ነገ ጠዋት ይምጡ» አላት።

ለካ ነገ ጠዋት የሚባል ቀጠሮም ነበራቸው!